ጸበል የተረጨበት እባብ

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። ተረቱን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፤ የገባኝ ግን አስመራ፣ ማይ ጭሆት በሚባለው ሰፈር፣ በወንድሜ ቤት፣ አባቴ ከነእባቡ እዚያ በከረመበት ክረምት ነው።

አባቴ ዕድሜውን የፈጀው በቆላ፣ የባቡር ሐዲድ ሲጠብቅ ነው። ዱቄቱን አይጥ ቢጨርስበት ጊዜ አንድ የአሸዋ እባብ ይዞ አላመደ፤ አጭር፣ ወፍራም፣ መርዝ የሌለው፣ ቀኑን አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚውል። እናታችን ከሞተች በኋላ በዚያ በረሃ ከጎኑ የቀረው እባቡ ብቻ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ወንድሜ "አስመራ ከእኔ ጋር ይኑሩ" አለው። አባቴ እባቡ ከመጣ እመጣለሁ አለ። ሌላ ምንም አልጠየቀም።

የእባቡ ቤት የእንጨት ሳጥን ነበር። በጎንና በጎኑ በምስማር የተበሱ ቀዳዳዎች አሉት፤ ውስጡ ደረቅ አሸዋ ነው። ለአስመራ ብርድ ብሎ አባቴ አንድ አምፑል በጣሳ ሸፍኖ በአንደኛው ጫፍ ብቻ ገጠመለት፤ ሲበርደው እንዲጠጋ፣ ሲሞቀው እንዲሸሽ። ውሃው እንዳይደፋ በከባድ የሸክላ ሳህን ነው የሚቀርበው። ሳጥኑ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥም፤ በርጩማ አለው። እርጥበትና ብርድ ከተባበሩበት ደረቱን ይታመማል፣ እባብ ደግሞ ማሳል አይችልም ይል ነበር።

ወንድሜ የመንግሥት ሹም ነበር፤ ትንሽ ሹም። ቢሮ የለበሰውን አማርኛ ማታ ቤቱ ገብቶም አያወልቅም። ከትግርኛ በቀር የማያውቀውን አባቱን "እንደምን አመሹ?" ይለዋል፤ አባቴም "እወ" ይለዋል፣ አዎ ማለቱ ነው። እኔ ዓኽርያ በሚባል ሌላ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ አማርኛ አስተምር ስለነበር ከቋንቋው ጋር ጠብ የለኝም። የሚያስጠላኝ ወንድሜ ሲናገረው የሚያነሳው አገጩ ነበር።

የእንጨቱ ሳጥን እንግዳ ፊት አሳፈረው። ከተዘጋ ኬክ ቤት ቬትሪና ገዝቶ መጣ፤ ኬክ ይደረደርበት የነበረውን የመስታወት ሣጥን ማለቴ ነው። ሽታ እንዳይወጣ ብሎ የአየር ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ደፈነ። አሸዋው ሳሎኑን ያቆሽሻል ብሎ ጣለውና ቀይ ከፋይ አነጠፈ። አምፑሉን መስታወቱን ያጠቁራል ብሎ ነቀለው። ከዚያ ቬትሪናውን በንጉሡ ፎቶግራፍ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠውና እጁን አጣጥፎ አየው። ደስ ብሎት ነበር፣ ሞኝ!

ሚስቱ ደግሞ በሌላ በኩል መጣች። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ እሷ ግን አልሸሸችም፣ ሰይጣንን ከቤቷ ልታስወጣ ታጠቀች። ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ማይ ጨሎት፣ ጸበል ማለት ነው፣ በሽሮፕ ጠርሙስ ታመጣለች፤ ክዳኑን ከፈት አድርጋ ትረጭና ትዘጋለች። መስታወቱ ከውስጥ ያልበዋል፤ ከፋዩ ሲጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። አባቴ በልጁ ጣሪያ ሥር ሆኖ ምራቱን አይቆጣም፤ ነውር ነው። ማታ ከፋዩን አውጥቶ እሳት ዳር ያደርቀዋል፤ ጠዋት እንደገና ይርሳል።

ክረምቱ ሲገፋ እባቡ ራሱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ እያሰማ ይተነፍስ ጀመር። ከንፈሩ ላይ አረፋ ወጣ። ምራታችን ይህን ስትሰማ እልል አለች። ጸበል የነካው ሰይጣን ሊወጣ ሲል ይጮኻል፤ ይህን የማያውቅ የለም። "ጮኸ! ይኸው ጮኸ!" አለችና ጸበሉን እጥፍ አደረገችው። ባሰበት። በባሰበት ቁጥር ጸበሉ መሥራቱን አወቀች።

"ታሞ ነው! አድርቁለት፣ አሙቁለት፣ አየር ስጡት!" አልኩ።

"የእባብ ሐኪም ሆንሽ ደግሞ?" አለ ወንድሜ። እሱ በጸበል አያምንም ነበር፤ ይህ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ዝም ያለው የአለቃው ሚስት ሰይጣን ሲወጣ ለማየት እመጣለሁ ስላለች ነው።

እሁድ መጣች፤ ጓደኞቿንም አስከትላለች። ሻሂ ቀረበ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በቬትሪናው ዙሪያ ተቀመጡ። እባቡ ያፏጫል፣ እነሱ ያማትባሉ። አባቴ ጥግ ወንበር ላይ ነበር። እኔ እሱን ነበር የማየው። ምራታችን ክዳኑን ከፈተችና ጠርሙሱን እንዳለ ልትገለብጠው ስታነሳ አባቴ ተነሳ። እባቡን አወጣ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ፣ ገላው ላይ አድርጎ ኮቱን ደረበበት። ሴቶቹ ጮኹ። የጮኹት ከሰይጣኑ ይበልጣል።

"ኣቦይ፣ ኧረ ሰው ፊት!" አለ ወንድሜ። ለአንድ ጊዜ አገጩ ወርዶ ነበር።

"ኣነ ክኸይድ'የ" አለ አባቴ፤ መሄዴ ነው። ሄደ። ቦርሳዬን ይዤ ተከተልኩት።

ከፌርማታው ወደ ዓኽርያ አውቶቡስ ተሳፈርን። እባቡ ኮቱ ውስጥ ያፏጫል። አጠገባችን የተቀመጠች ሴትዮ የአባቴ ደረት መስሏት በሐዘኔታ አየችው። "ኣቦይ፣ ማይ ጨሎት ስተዩ" አለችው፤ አባቴ፣ ጸበል ይጠጡ ማለቷ ነው።

"እወ፣ የቐንየለይ" ብሎ አመሰገናት አባቴ። በዚያ ክረምት ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከጎረቤት አናጢ ሳጥን ለምነን በምስማር በሳነው። አሸዋውን ድስት ላይ አመስነው፣ አምፑሉን በአንድ ጫፍ አደረግን፣ በርጩማዬን ሰጠሁ። አረፋው ቀረ፣ ቀጥሎ ፉጨቱ። እባቡ እንደ ልማዱ አሸዋ ውስጥ ሲቀበር አባቴ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር ኖረ። ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ በሬን አላንኳኳም።

በዓመቱ ለንግሥ ስሄድ ምራታችን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሴቶች ሰብስባ፣ ጸበሉ ሰይጣኑን ከቤቷ እንዴት እንዳስወጣላት ስትመሰክር ደረስኩ።

"ወዴት ሄደ ታዲያ?" አለቻት አንዷ።

"ወደ ዓኽርያ" አለች።

ሴቶቹ አማተቡ። ወንድሜ ከጎኗ ቆሞ ነበር፤ እሱም አማተበ።