ፔንቲ፣ ማቲ እና የኮልፌው ደጋፊ

ከአገሬ የወጣሁት እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያውም በትልቅ የኳስ ጨዋታ መሀል። ቀኑን የመረጠው ትኬት ቆራጩ ነው፤ የኮልፌ ሰው ግን እስከ ዛሬ ጥፋቱን የሚጥለው በእኔ ላይ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ኳስ ማሳያ ቤት ገብቶ ተጠቅጥቆ ስለነበር ሊሸኘኝ የወጣ ጎረቤት የለም። አባቴ፣ ጋሽ ኑሪ፣ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ናቸው። በር ላይ ሳሙኝና "ነጂ፣ እረፍት ሰዓት ስለሆነ ነው የወጣሁት፤ ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ብገባ እንዳትቀየሚኝ" አሉኝ። እንዳሉትም ገቡ። እናቴ ታለቅስ የነበረው ለሁለት ነገር ነው፤ ለእኔ መሄድና ለእሳቸው ፀባይ። ወደ ኤርፖርት የወሰደኝ የአጎቴ ልጅ ደግሞ ሬዲዮኑን ከፍቶ ነበር፤ "ነጃት፣ ዋናው ነገር እዚያ ስትደርሺ" ብሎ ጀመረና ጎል ገባ። ዋናው ነገር ምን እንደሆነ ሳይነግረኝ ተለያየን።

የሄድኩት ፊንላንድ ነው፤ ሰሜን ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ምግብ ዝግጅት ልማር። ብርድ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የኮልፌን ሐምሌ በላስቲክ ጫማ ያሳለፈ ሰው ምን ይፈራል ብዬ። እዚያ ግን የአፍንጫ ፀጉር ይደርቃል፤ ስትተነፍሱ ይቆረቁራችኋል። ለእናቴ ስነግራት "አፍንጫሽን ሸፍኚያ" አለችኝ፤ ጉዳዩ በዚያው ያለቀ ይመስል።

ከብርዱ የከፋው ዝምታው ነው። ፌርማታ ላይ አምስት ሰው ቢቆም በየመካከላቸው በሬ የሚያሳልፍ ክፍተት ይተዋሉ። እኔ ዳቦ ሰልፍ ላይ የሰው ትንፋሽ ማጅራቴን እያሞቀው ያደግኩ ልጅ፣ መጀመሪያ የሸተትኩ መስሎኝ ሁለቴ ሻወር ገብቻለሁ።

ትምህርቴን ስጨርስ የከተማው የበረዶ አዳራሽ ካፌ ውስጥ ተቀጠርኩ። የበረዶ አዳራሽ ማለት ጣሪያ ያለው የሆኪ ሜዳ ነው። ተጫዋቾቹ በስለት ጫማ እየተንሸራተቱ በቆልማማ ዱላ አንዲት ጥቁር ጎማ ያሯሩጣሉ። ውጪው ሁሉ በረዶ ሆኖ ሳለ ሰዎቹ ቤት ሠርተው ውስጡ ሌላ በረዶ ያመርታሉ። እኔ የምሸጠው ማካራ የሚሉትን የተጠበሰ ቋሊማ ነው። የአሳማ ስለሆነ አንድም ቀን ቀምሼው አላውቅም፤ "ዛሬ እንዴት ነው?" ሲሉኝ "እስካሁን የመለሰው የለም" እላቸዋለሁ። እኔ የምበላው ፑላ የሚሉትን ዳቦ ነው። ሄል አለው። መጀመሪያ የቀመስኩ ቀን ጀርባዬን አዙሬ ነው የጨረስኩት፤ ሽታው የእናቴን ጓዳ ስለመሰለኝ።

እነ ፔንቲን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ፔንቲ ከወረቀት ፋብሪካ ጡረታ የወጣ ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ ማቲ ደግሞ ቀጭን የሒሳብ መምህር ነበር። እዚያ አገር አንቱታ የሚባል ነገር ስለሌለ ሰባ ዓመት ያለፈውን ሰው በባዶ ስሙ ስጠራ መጀመሪያ ሰሞን ምላሴ ይያያዝ ነበር። በየቀኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መስኮቱ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ይቀመጡና የሊጉን ዜና ያብጠለጥላሉ። ፌርማታ ላይ ቢገድሏቸው የማይናገሩት ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ሲገቡ ኮልፌ ይሆናሉ።

"ስለ ግብ ጠባቂው ዛሬም የተጻፈ የለም" ይላል ፔንቲ ጋዜጣውን እያጠፈ።

"ስለሸጡት ነዋ" ይላል ማቲ።

"ሸጡት ብሎ ማን ነገረህ?"

"አንተ ነህ፣ ትናንት።"

"እኔ የነገርኩህ ታምን እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።"

ፊንላንድኛ የተማርኩት ከእነሱ ነው፤ ስለዚህ ቋንቋዬ የሚሠራው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር። ሐኪም ቤት ሄጄ የት እንዳመመኝ መናገር አልችልም፤ አሰልጣኙ ለምን መባረር እንዳለበት ግን ግማሽ ሰዓት ማስረዳት እችላለሁ።

ለአባቴ በስልክ የማወራው ስላጣሁ ስለ ሆኪ አወራላቸው ጀመር። "ዱላ ይዘው ነው? ይሄማ የገና ጨዋታ ነው" አሉ። ሕጉን ሳስረዳቸው ከሁሉ የወደዱት ያጠፋ ተጫዋች ሁለት ደቂቃ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ እንደሚመለስ የሚለውን ነው። "ተዋርዶ፣ ሁሉም እያየው፣ ከዚያ ይቅር ተብሎ" አሉ። "እንዴት ያለ የሠለጠነ ነገር ነው። እኛ ሰፈር ስንት የሚቀመጥ ሰው ነበር።" ሳምንት ሳይሞላ የእኛ ቡድን ደጋፊ ሆኑ። በረዶ ሲባል ከጣሪያ ላይ የሚንጣጣውን ብቻ የሚያውቁ ሰው፣ ግብ ጠባቂው መሸጡን ስነግራቸው እራት አልበላም አሉ። ፔንቲ ይህን ሲሰማ ስልኩን ተቀበለኝ። እሱ በፊንላንድኛ፣ እሳቸው በአማርኛ፣ እኔ መሀል ላይ ሆኜ አስተዳደሩን አብረው ሰደቡ። የስድቡን ግማሽ አልተረጎምኩትም፤ አባቴ እንዲህ ያለ ቃል እንደሚያውቁ ስላልጠበቅኩ።

እንዲህ እያልን ሳለ ዜናው መጣ። የቡድኑ አስተዳደር ሁለት ሰዓት በመኪና የሚርቅ ትልቅ ከተማ ላይ አዲስ አዳራሽ ተከራይቷል፤ ቡድኑ ወደዚያ ይዛወራል፣ የእኛ አዳራሽ ምናልባት ይዘጋል ተባለ። ለእነ ፔንቲ ሐዘን ነው፤ ለእኔ ግን የመኖሪያ ፈቃዴ የታሰረው በዚያች ካፌ ነው። አዳራሹ ከተዘጋ ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ ፈቃድ የለም፣ ፈቃድ ከሌለ ኮልፌ ገብቼ ያ ሁሉ ጎረቤት "ምን ይዘሽ መጣሽ?" ሲለኝ የምሰጠው መልስ የለም።

በዚያው ሰሞን የፈቃድ እድሳት ቃለ መጠይቅ ነበረኝ። መነጽር ያደረገች ሴት ኮምፒዩተሯን እያየች "እዚህ አገር የመቆየት ዕቅድሽ ምንድን ነው?" አለችኝ።

በልቤ ያለው "ሥራ እስካለኝ ድረስ መኖር እፈልጋለሁ" የሚል ነው። በአፌ የነበረው ቃል ግን የፔንቲ ነው። "ኮንትራቴ ሲያልቅ ነፃ ተጫዋች እሆናለሁ" አልኳት። "ቡድኑን መልቀቅ ግን አልፈልግም።"

መነጽሯን አወለቀች። "አሠሪሽ ሥራው ይቀጥላል ብሎሻል?"

"አስተዳደሩ ጭንቅላት የለውም። መባረር አለበት።"

"ይህንን ልጻፈው?"

"አይ፣ እሱ የፔንቲ ሐሳብ ነው።"

"ፔንቲ ባለቤትሽ ነው?"

"አይደለም። ከመሀል መስመር ጀርባ የሚቀመጥ ሰውዬ ነው።"

መጻፍ አቆመች። በሩ መዘጋቱን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ግብ ጠባቂውን ግን እውነት ሸጡት?" አለችኝ። እውነት ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ መንግሥት ፊቷ ተመልሳ "ውሳኔው በፖስታ ይደርስሻል" አለች።

አስተዳደሩ ደጋፊዎችን ሰብስቦ ያነጋገረው አዳራሹ ውስጥ ነው፤ እኔ ከካፌው ባንኮኒ ሆኜ አየሁ። ሥራ አስኪያጁ የጠበበ ሱፍ ለብሶ የአዲሱን አዳራሽ ሥዕል በትልቅ ስክሪን አሳየ። መስታወት በመስታወት ነው። "ደንበኞቻችን" እያለ ሲደጋግም ፔንቲ ተነሳ።

"ደንበኛ ማለት ማን ነው?"

"እናንተ ናችሁ።"

"እኔ ደጋፊ ነኝ።"

"በእርግጥ። ደጋፊ የሆኑ ደንበኞቻችን።"

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ለማለዘብ ብሎ "ለአዲሱ አዳራሽ የዓመት ትኬት የገዛችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ" አለ። ጥቂት እጆች ወጡ። ከነሱ አንዱ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የወጣ፣ የማቲ እጅ ነው።

ፔንቲ አየው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረው ተቀምጠዋል። "ኖ ኒን" አለ። ይህ ቃል እዚያ አገር እንጀምር ማለትም፣ ጨረስን ማለትም፣ ምን ይደረግ ማለትም ነው። ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። እኛ ሰፈር ወንበር ተወርውሮ፣ ዘመድ ገብቶ፣ ፖሊስ ተጠርቶ የሚያልቀው ነገር እዚያ አገር በዚህች ቃል አለቀ።

ቡድኑ ሄደ። አዳራሹን ግን ከተማው ለልጆችና ለሰፈሩ ሰው እንዲያገለግል አስቀረው፤ የእኔም ሥራ በግማሽ ቀን ተረፈ። ፈቃዴም በፖስታ መጣ፣ ለአንድ ዓመት። ፔንቲ እንደ ድሮው አራት ሰዓት ይመጣል። ማቲ ስድስት ሰዓት፣ ፔንቲ መሄዱን በመስኮት አይቶ ይገባል። ሁለቱም "ያ ሰውዬ መጥቶ ነበር?" ይሉኛል። ሽማግሌ ልላክባቸው ብል፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ናቸው።

በዚያው ወር እናቴ ለብቻዋ ደወለችልኝ። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ የአባቴ ሱቅ ያለበት መደዳ ሊፈርስ ነው፤ በምትኩ ራቅ ያለ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወደ ውስጥ የዞረ ክፍል ተሰጥቷቸዋል። "መስኮቱ የሚያየው ሌላ ግድግዳ ነው" አለችኝ። "የመኪና ጡሩምባ እንኳ አይሰማም። እንዳልነግርሽ አስምሎኛል።" እሳቸውን ስጠይቃቸው "ሰፊ ነው፣ ፀጥ ያለ ነው" ብለው ወደ ግብ ጠባቂው ወሬ ተሻገሩ።

ባለፈው ሐሙስ ደወሉ። ፔንቲ ብቻውን ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አዳራሹ ባዶ ነው። ስለ ኩርፊያው ስነግራቸው ቆይቻለሁና "አቅርቢልኝ እስቲ ሰውየውን" አሉ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"እንዲህ በይልኝ" አሉ አባቴ። "ጓደኛህ የሄደው ቡድኑን ብሎ ነው፣ አንተን ጠልቶ አይደለም። አንድ ቀን አብረኸው ሂድና አዲሱን ቤት እየው። ካልወደድከው ተመለስ።"

ተረጎምኩለት። ፔንቲ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ "አባትሽ ራሳቸው አዲሱ ሱቅ ገቡ ወይ?" አለኝ። ስለ ሱቁ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ጠየቅኳቸው።

"ገብቻለሁ በይው" አሉ። "ይኸው አሁንም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ የስፌት መኪና እየፈታሁ ነው። ለምጄዋለሁ።"

ከኋላቸው፣ ጆሮዬ ሥር ያለ እስኪመስለኝ ድረስ፣ የታክሲ ረዳት "ቤቴል፣ ቤቴል፣ ቤቴል፣ አንድ ሰው" እያለ ይጣራል። አባቴ ከአሮጌው ሱቅ ንቅንቅ አላሉም።

"ምን አሉ?" አለኝ ፔንቲ።

"ገብተዋል" አልኩት። "ለምጄዋለሁ ይላሉ።"

ፔንቲ ጋዜጣውን አጠፈና "ማቲ ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?" አለኝ።

"ምን አለ?" አሉ አባቴ በስልኩ።

"ልሂድ ብሏል" አልኳቸው።

"ጎበዝ" አሉ። "እንዲያ ነው ሰው።"

ከዚያ የምንለው አለቀብን፤ ሁለታችንም ግን ስልኩን አልዘጋነውም። ታክሲው ሞልቶ እስኪሄድ ድረስ አዳመጥኩ።