በማማ ቁጥር የገዛሁት ሩዝ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሩዝ እያጠብኩ የበሩ ደወል ጮኸ። ስከፍት የድሮዋ ማዳሜ ዱላዋን ተደግፋ ቆማለች... ሹፌሯ ከኋላዋ ትልቅ ካርቶን ተሸክሟል።

ማማ ነው የምላት። እዚሁ ዓረብ አገር፣ ሩማይሲያ በሚባለው ሰፈር፣ እሷ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አምና ልጇ የራሷን ሠራተኛ ይዛ አብራት ልትኖር ስትመጣ፣ ማማ ራሷ ከጀርባ ባለው መንገድ ላይ ለምትኖረው የአሁኗ ማዳሜ አስቀጠረችኝ።

ገና ሳትቀመጥ፣ «ዘይነባ፣ ጀምኢያ ስትገዢ የማንን ቁጥር ነው የምትሰጪው?» አለችኝ።

ለማታውቁት... ጀምኢያ የሰፈሩ የሸማቾች ማህበር ሱቅ ነው። ሒሳብ ስትከፍሉ የቤታችሁን የአባልነት ቁጥር ትናገራላችሁ። በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ለሸመተ ቤት ብዙ ትርፍ ይከፈለዋል።

«የቤቱን ነዋ!» አልኳት።

«እስቲ በይው።»

አፌ እንደለመደው ለቀቀው... የማማን ቁጥር! በቁሜ ደረቅሁ።

ዓመት ሙሉ! ይሄ ቤት ደግሞ ቤት አይደለም፣ ሠርግ ነው። ሰባት ልጅ፣ አርብ አርብ ከነቤተሰቡ የሚመጣ አጎት፣ ሩዙ በጆንያ፣ ዶሮው በካርቶን፣ የሕፃኑ ዳይፐር ለብቻው አንድ ጋሪ። የዚያ ሁሉ ትርፍ ማማ ጋ ገብቷል።

«እኔና ልጄ ዳቦና እርጎ ከበላን በቃን» አለች ማማ። «የጀምኢያው ሰውዬ ትርፌን ሲሰጠኝ 'ማሻአላህ፣ እንግዳ በዝቶብሻል' አለኝ። በስሜ የሚበላው ማነው ብዬ ሳስብ አንቺ ትዝ አልሽኝ!»

ይሄኔ ማዳሜ ከፎቅ ወረደች። ይቺ ሴት የባንክ ካርዷን አምና በእጄ የሰጠችኝ ናት። ሌባ ናት ብትል ማን ያምነኛል?

«ወላሂ ማዳም፣ ሆን ብዬ አይደለም... አፌ ነው!» አልኩ፣ እንባዬ እየመጣ።

ማማ ሁሉንም ነገረቻት። ማዳም ግንባሯን ቋጠረች... ከዛ፣

«እኛም ቁጥር አለን እንዴ?» አለች።

ባሏ ጋ ደወለች። እሱም አያውቅም! ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እኔም እንባዬን ሳልጠርግ አብሬ ሳቅሁ። እንደዛ ቅልል ብሎኝ አያውቅም።

ማማ ካርቶኑን አስከፈተች። በትርፉ ለሰባቱም ልጆች ልብስና ጣፋጭ ገዝታበታለች። ከታች አንድ ሽቶ አወጣችና፣ «ይሄ ደግሞ ለዚያ አፍሽ» ብላ ሰጠችኝ። «ሁሉንም ከጀምኢያ ነው የገዛሁት... በማን ቁጥር ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ!»

ማታ የቤቱ ቁጥር ከባልየው እናት ተገኘ። ማዳም ልክ እንደ ልጆቿ የቤት ሥራ እያስደጋገመች አስጠናችኝ። ዛሬ ጠዋት አብረን ጀምኢያ ሄድን። ካሸሩ «ቁጥር?» ሲል አፌን ከፈትኩ... የማማ ቁጥር ወጣ!

ዞር ብዬ ማዳምን አየኋት። እሷ ከልጆቿ የቀማችውን ጣፋጭ እያኘከች፣ «ተዪው» አለችኝ። «ጣፋጩ ጥሩ ነው።»

የራሴን ስልክ ቁጥር ግን እስካሁን ስልኬን ከፍቼ እያየሁ ነው የምናገረው።