ሩፊናን ማን ጠየቃት?

ሩፊና ዓሣ ስትሰነጥቅ እጇ አያመነታም። ከጀርባው ትከፍተዋለች፣ ሆድ ዕቃውን ታወጣለች፣ ጨው ውሃ ውስጥ ነክራ ቀርከሃው ቆጥ ላይ ለፀሐይ ትዘረጋዋለች። በዚህ በፊሊፒንስ፣ በቪሳያ ባሕር ዳር እንደሷ የሚያዘጋጅ የለም ይሏታል፤ እሷም አትክድም። ዛሬ ግን ቢላዋው ሁለቴ ቆረጣት።

«ይኼን ሁሉ ያመጣው ያ ልጅ እግር ቄስ ነው» ብላ ጣቷን መጠጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባ ክሪሳንቶ ገና ጢማቸው ያልጠና የደብሩ አዲስ ቄስ ናቸው። ያለ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ አብረው የሚኖሩትን ሁሉ በመጪው ቅዳሜ በአንድ ቅዳሴ ሊያጋቡ አወጁ። ለሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምረው የሩፊና ልጅ ሊጋያ ከማንም ቀድማ እናትና አባቷን አስመዘገበች። አባቷ ሰልሞ እንደ ወትሮው «ደግ» አለና ወደ መረቡ ተመለሰ። ሩፊና ደግሞ በደስታ አለቀሰች፤ ምክንያት ነበራታ! ሰላሳ ዓመት ሙሉ የመንበሩን ጨርቅ አጥባ፣ በሩዝ ውሃ አጠንክራ፣ ተኩሳ ታቀርባለች፤ ሰዉ ሊቆርብ ሲነሳ ግን አግዳሚው ላይ ጉልበቷን ወደ ጎን አዙራ ማሳለፍ ነው ሥራዋ። ያልተጋባች ናትና አትቆርብም። ያቺ ማሳለፍ ሁልጊዜ ታንገበግባታለች።

ትናንት አባ ክሪሳንቶ ተጋቢዎቹን አንድ በአንድ ለብቻ ጠሩ። እሷም ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ ገባች።

«ማናንግ ሩፊና» አሏት፣ እንደ ታላቅ እህት አክብረው፤ «በገዛ ፈቃድዎ ነው የመጡት?»

«ልጄ ናት ያስመዘገበችን፣ አባ።»

«ልጅዎን አይደለም የጠየቅኩት።»

«ከሰላሳ ዓመት በኋላ ይኼ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?»

«እኔ እኮ አላጋባችሁም። የጋብቻውን ምሥጢር አንዳችሁ ለሌላችሁ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ፤ እኔ ቆሜ እመሰክራለሁ። የእርስዎ እሺታ ከሌለ ጳጳሱ ራሳቸው ቢመጡ ጋብቻ አይሆንም።»

ሩፊና እሺታዋን ፈለገች። የት ነው ያለችው? በአገሩ ደንብ የወንዱ ቤተ ዘመድ የጣፋጭ ሩዝ ድስትና አውራ ዶሮ ይዞ፣ የሴቷን ቤት ደረጃ ወጥቶ ይጠይቃል። የሰልሞ ዘመዶች ሊመጡ በተባለበት ሳምንት አውሎ ነፋሱ ቀደማቸው። ቤቱ ተጠራርጎ ሄደ፤ ሰልሞ የተረፈችውን መረብ ተሸክሞ መጠለያ ሊለምን እነሱ ቤት መጣ። ጥግ ላይ ተኛ። በማግስቱም እዚያው ተኛ። ከዚያ ሊጋያ ተወለደች። የጠየቀም የለ፣ የመለሰም የለ።

ሌላ ነገር ደግሞ መጣባት። ቅዳሜ እሺ የምትለው ለሰልሞ ነው ወይስ ለመቁረብ? ለመቁረብ ብላ ከሆነ ሰውዬውን መሰላል አድርጋዋለች ማለት ነው። ሐሳቧ እንደ ተወሳሰበ መረብ ሆነባት፤ በዚህ ስትስበው በዚያ ይጠብቃል።

«አላውቅም፣ አባ» አለች።

«እንግዲያው ሲያውቁ ይምጡ» አሏት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ቤት ስትደርስ ሊጋያ ጮኸች። «አላውቅም ይባላል እንዴ፣ እማዬ? የአባዬ ሸሚዝ እኮ ተሰፍቶ አልቋል!»

«ሸሚዙን አይደለም የማገባው።»

ሰልሞ መረቡን አስቀመጠ። «ምኑ ነው ያላወቅሽው?»

«ላንተ ይሁን ለቁርባኑ አላውቅም። ሌላ ምን ልበልህ?»

ሰልሞ ተነሳ። ምንጣፉን ጠቅልሎ ወደ ወንድሙ ወደ ቲቦ ቤት ሄደ። ሩፊና ተናደደች፣ ደነገጠች፣ ቀጥሎ ደግሞ መደንገጧ አናደዳት። ዛሬ ጠዋት ሰልሞ የያዘውን ዓሣ ደጃፏ አስቀምጦ ተመለሰ።

ጎረቤቷ ከአጥር ማዶ አላስቀመጠቻትም። «ማናንግ፣ ባልሽን አባረርሽው አሉ!»

«ባሌ መሆኑን ማን ነገረሽ?» አለችና እሷው የተናገረችው እሷኑ ግራ አጋባት።

ከሰዓት በኋላ ደረጃው ሥር ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማች። ቲቦ አውራ ዶሮ ታቅፏል፣ ሚስቱ ድስት ይዛለች፣ ሰልሞ አዲሱን ሸሚዝ ለብሶ ከኋላቸው ቆሟል።

«የቤቱ ሰዎች፣ አላችሁ?» አለ ቲቦ።

ሊጋያ በሳቅ ፈረሰች። «አባዬ፣ የገዛ ቤትህን ታንኳኳለህ?»

«አንቺ ደግሞ ኮስተር በይ!» አላት ቲቦ። « አያቶችሽ የሉም፤ ዛሬ የሙሽራዋ ወላጅ አንቺ ነሽ።»

ደረጃውን ወጥተው ተቀመጡ። ቲቦ ንግግሩን ገና ሳይጀምር ሊጋያ «ሰጥተናል! ውሰዷት!» አለች።

«ዝም በይ!» አለች ሩፊና። «ቲቦም ዝም በል። አፍ አለው፣ ራሱ ይጠይቀኝ።»

ሰልሞ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሸ። «ያኔ ልጠይቅሽ ነበር። ቤቴ ከሄደ በኋላ ግን ፈራሁ። ‹እምቢ› ብትይ መሄጃ አልነበረኝማ። ዝም ካልኩ አታባርሪኝም አልኩ።»

«ሰላሳ ዓመት?»

«እየቆየ ሲሄድ ባሰብኝ።»

«ዛሬስ እምቢ ብልህ?»

«አባን ዛሬ ጠዋት ሄጄ ጠየቅኳቸው። ተለያይተን ከኖርን ንስሐ ገብተሽ መቁረብ ትችያለሽ አሉኝ። ለቁርባኑ ብለሽ እኔን ማግባት የለብሽም። ቲቦ ጋ እሆናለሁ። ዓሣውን ጠዋት ጠዋት አመጣልሻለሁ።»

ሩፊና ነገሩ ገባት። ሰውየው ሁለቱን ለየላት፤ ቁርባኑ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ። አሁን እሱን ለመፈለግ ከራሱ በቀር ምክንያት የላትም። ቀና ብላ አየችው። ዓይኑን ከአፏ ላይ አልነቀለም። የምትለውን በእውነት አያውቅም።

«እሺ» አለች።

ድምጿ ከማነሱ የተነሳ ሊጋያ ወደ ቲቦ ዞረች። «ምን አለች?»

ቲቦም አልሰማም። ሰልሞ ግን ፊቱን በአዲሱ ሸሚዝ እጅጌ ሸፍኖ ያለቅስ ነበር።