ውሃችንን የጠጣው ድንች

መጀመሪያ ያየሁት ባዶ ጀሪካን ነው። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ እስረኞቹ ፊቴን አላዩም፤ እጄን አዩ። ውሃ ይዤ የገባሁ መስሏቸው ነበር።

የታሰርኩት የታላቅ ወንድሜን አሟሟት ስለጠየቅኩ ነው። እሱ ከዲላ በታች ባለው ቆላ፣ ድንች አይሆንበትም በተባለ ደረቅ መሬት፣ ድንች ያበቅል ነበር። የመንደሩ ምንጭ ወደ ባለሥልጣናት እርሻ ሲጠለፍ ስብሰባ ላይ ተቃወመ። ወሰዱት። ከዚሁ እኔም ከታሰርኩበት ፖሊስ ጣቢያ ሬሳው ወጣ። "ታሞ ነው" አሉን። ሌላ ነገር አላሉንም።

በመስኮቱ የጣቢያው ግቢ ይታያል። ኃላፊው ድንች ተክሏል። የእኛን የመጠጥ ውሃ በጠራራ ፀሐይ በየቦዩ ያስደፋል። ድንቹ ግን ይጠወልጋል።

"ድንቹ ከእኛ በላይ ሰው ሆነ" አሉ ሀጂ። አብረውኝ የታሰሩ የዲላ ባለሱቅ ናቸው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

እኔ ሲጠወልግ ደስ ይለኝ ነበር። ይድረቅ እል ነበር።

አንድ ቀን ኃላፊው በሩ ላይ ቆመ።

"የዚያ ሰውዬ ወንድም አንተ ነህ? በትንሽ ውሃ ያበቅል ነበር አሉ። አሳየን።"

"አላውቅም።"

ሀጂ ክንዴን ያዙ። "ልጄ፣ ቂምህ ይገባኛል። ግን የሚደፋው የእኛ ውሃ ነው።"

ዞሬ አየሁ። አንዱ እስረኛ ጀሪካኑን አፉ ላይ ደፍቶ ጠብታ ይጠብቃል።

"አሳያለሁ" አልኩ። "መጀመሪያ የማን ዘዴ እንደሆነ ይናገሩ።"

"የወንድምህ።"

"ስም አለው።"

ዘበኛው ዱላውን አነሳ። ኃላፊው በእጁ ከለከለው። ወደ ድንቹ አየ። ከዚያ የወንድሜን ስም በለሆሳስ ጠራ።

"አልተሰማም፣ ጌታዬ። ክፍሉ ሁሉ ይስማ።"

ጮክ ብሎ ጠራ፤ ከነአባቱ።

ወጥቼ አሳየሁ። አንዱን ቦይ አጠጥቶ ቀጣዩን መዝለል፤ በሌላ ጊዜ የተዘለለውን ማጠጣት። በማለዳ እንጂ በቀትር አለማጠጣት። አፈሩን በእንሰት ቅጠል መሸፈን። ከምሸፍነው አፈር ስር ኃላፊው በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

በማግስቱ ጀሪካኑ ሙሉ መጣ። ሀጂ መጀመሪያ ለእኔ ቀዱልኝ።

ከተፈታሁ ቆየሁ። ይቅር አላልኩም። ይቅር በል የሚሉኝ የቤተክርስቲያን ሰዎችም ደክሟቸው ትተውኛል። ኃላፊው ዛሬ ያለ መለዮ ዲላ ገበያ ይመጣል። ሳየው ጠጋ አልለውም። ካለሁበት ሆኜ፣ ሰው እንደጠፋበት፣ የወንድሜን ስም ከነአባቱ እጣራለሁ። ገበያተኛው ዞሮ ያየኛል። እሱ አይዞርም። ባጃጅ ያስቆማል።