ንቅሳቴ ያልመለሰው እንቅርት

ከእንቅልፌ በፊት የጠፋው ሥጋዬ ነበር። ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር የምሠራበት ቤት ማዳም አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብታ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ማሻአላህ፣ ምን እየጠጣሽ ነው እንዲህ ሽንቅጥ ያልሽው?» አለችኝ። እሷ በየጠዋቱ ሚዛን ላይ ወጥታ የምትተክዝ ሴት ናት። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን የምበላው ሩዝ ለሁለት ጎረምሳ ይበቃ ነበር። ኮራሁ። ቀሚሴን አጠበብኩ፤ መስታወት ፊት ዞር ዞር እያልኩ ወገቤን አደነቅሁ። ሙገሳ ይዞ የሚመጣ በሽታ መኖሩን ማን ነግሮኝ?

ቀጥሎ እንቅልፌ ሄደ። ወሎ እናቴ ቤት ሳለሁ፣ «ይቺ ልጅ ከተኛች ጎርፍ ቢወስዳት አትነቃም» የሚባልልኝ ነበርኩ። አሁን ግን ጋደም ስል ልቤ ይነሳል፤ ዳገት ስሮጥ የዋልኩ ይመስል ደረቴ ውስጥ ይደልቃል። ንጋት ላይ የፈጅር አዛን ሲሰማ እፎይ እላለሁ፤ ቢያንስ የምነሳበት ምክንያት ተገኘ። ቀን ቀን እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ በር ጮክ አድርጎ የዘጋ ሁሉ ጠላቴ ነው። ድሮም ትዕግሥተኛ አይደለሁም፤ ያን ጊዜ ግን ለራሴም አስቸገርኩ።

አርብ አርብ ሰቢል ሰፈር ጠባብ ክፍል የተከራየች ጓደኛዬ ጋ እሄድ ነበር። የጎንደር ልጅ ናት፤ ክርስቲያን ናት፤ እንደ እኔው የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ሁኔታዬን ስነግራት ሽንኩርቷን እየከተፈች ሰማችኝና ፍርዷን ሰጠች።

«ዓይን ነው። ማዳምሽ ቀጠንሽ ብላ አድንቃሽ ነው የበላችሽ።»

«ማዳም የምትበላው ሰላጣ ብቻ ነው» አልኳት።

ሳቀች። እሷ ጋ ስሆን ሻሼን አወልቃለሁና፣ ቀና ስትል አንገቴ ላይ ዓይኗ ቀረ። «ቆይ፣ እዚህ ጋ አበጥ አላለም? እንቅርት እንዳይሆን።»

«ይሄ አንገት እኮ የተነቀሰ ነው» አልኳት በሙሉ ልብ። «እንቅርት አይደፍረውም።»

እውነቴን ነበር። ልጅ ሳለሁ አክስቴ ጥላሸትና የቅጠል ጭማቂ አዘጋጅታ አንገቴን በመርፌ ዙሪያውን ነቅሳኛለች። እዚያ አገር አንገቱ ያበጠ ሰው ብዙ ነው፤ እሷም የራሷ አብጦባት ነበር። እያለቀስኩ ይዛኝ፣ «ቻይው፤ ውበትም ይሆንሻል፣ እንቅርትም አይወጣብሽም» ትለኝ ነበር። የመንደራችን ሼኽ ሐራም ነው ብለው ተቆጡ። እኔ ግን አክስቴን አመንኩ፤ ያን ያህል ያሳመመኝ ነገር ለአንድ ነገር ሳይጠቅም አይቀርም ብዬ።

ሳዑዲ ስመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ሙስሊም ሆና አንገቷን የተነቀሰች ሴት እዚህ የሰው መጠቋቆሚያ ናት። ስለዚህ ሻሼን አገጬ ሥር አጥብቄ አስራለሁ። ፀጉሬን ከማዳም ባል የምሸፍነው ሃይማኖቴ ስለሚያዘኝ ነው፤ አንገቴን ግን ከማዳም ከራሷም ደበቅሁት። እንዲህ አድርጌ በሽታዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩት፤ በጨርቁ ውስጥ በሰላም አደገ።

አንድ ከሰዓት እንግዶች ፊት ሻይ ይዤ ስገባ እጄ ከዳኝና ትሪውን ከነብርጭቆው ምንጣፉ ላይ ለቀቅሁት። ማዳም እንግዶቿን ሸኝታ መጣች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ወይ ታመሻል፣ ወይ ልብሽ አገርሽ ገብቷል» አለችኝ። «መካ፣ እናቴ ጋ ሂጂ። እዚያ ሥራው ቀላል ነው። ካልተሻለሽ ግን ኸላስ፣ አበቃ፣ ኹሩጅ አወጣልሻለሁ።»

ኹሩጅ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ነው፤ ከተመታ በኋላ መመለስ የለም። አገሬን ጠልቼ አይደለም የፈራሁት። አገሬ የምገባው በራሴ ቀን፣ ቤቴን ሠርቼ፣ ቀና ብዬ ነው ብዬ የወጣሁ ሴት ነኝ። እጇ የሚንቀጠቀጥ፣ ዓይኗ የፈጠጠ ሆኜ ብገባ መንደሩ የሚለውን አውቀዋለሁ፤ «ዓረብ አገር አብዳ መጣች» ይላል። ያን ወሬ ለማንም አልሰጥም ብዬ ወሰንኩ።

የማዳም እናት ቤት መካ፣ ኩዳይ ሰፈር ነው፤ የሐጃጆች አውቶቡስ ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ኻላ፣ አክስቴ እንደማለት፣ ብዬ ነው የምጠራቸው፤ እሳቸው ደግሞ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ቃሉ የፍቅር ይመስላል፤ የመጀመሪያው ሳምንታችን ግን ጦርነት ነበር። ምክንያቱም ሙከዪፍ፣ አየር ማቀዝቀዣው። እኔ እከፍታለሁ፣ እሳቸው ይዘጋሉ። በዚያ የመካ ሙቀት ሹራብ ደርበው፣ ወፍራም ካልሲ አድርገው፣ «ልትገድይኝ ነው እንዴ የመጣሽው?» ይሉኛል።

«ኻላ፣ እኔም እኮ እየነደድኩ ነው» እላለሁ።

በመጨረሻ ሪሞቱን ትራሳቸው ሥር ደብቀው ተኙበት። መተኛቱን ደግሞ ያውቁበታል። ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ አንዲት ትንሽ ክኒን ውጠው ቁርስ ይበላሉ፣ ከዚያ ቁጭ ባሉበት ያንቀላፋሉ። የእኔን እንቅልፍ የወሰዱት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም እያልኩ በሆዴ እቀና ነበር።

ሐረም፣ ታላቁ መስጊድ፣ ሄጄ የዘምዘም ውሃ ጠጣሁ። ካዕባው ፊት ቆሜ ሀብት አልለመንኩም፣ ዕድሜም አልለመንኩም። ያ ረብ፣ እንቅልፌን መልስልኝ ብዬ አለቀስኩ። ያን ቀን እንደዚያ ማልቀሴ አያሳፍረኝም፤ በጣም ደክሞኝ ነበር።

መልሱ ከኻላ በኩል መጣ። አንድ ረፋድ እግራቸውን ዘይት እየቀባሁ ላቤ ጠብ ጠብ ሲል አዩና፣ «ይህን ጨርቅ ፍቺው፤ ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ሰው የለም» አሉኝ። አይሆንም አልኩ። ደግመው አልጠየቁኝም፤ እጃቸውን ሰድደው ራሳቸው ፈቱት።

ዓይኔን ጨፍኜ ሐራም የሚለውን ቃል ጠበቅሁ። ቃሉ ሲዘገይ ገለጥኩ። ኻላ ጉንጫቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው ከሽብሽባቱ መሃል በጣታቸው ያሳዩኛል፤ ሦስት ቀጫጭን የድሮ ጠባሳ፣ ከላይ ወደ ታች።

«እኔንም በልጅነቴ ቆርጠውኛል» አሉ። «ያኔ የመካ ልጅ በዚህ ይታወቅ ነበር። ማንም ፈቃዴን አልጠየቀኝም። አንቺንስ ማን ጠየቀሽ?»

ከዚያ ጣታቸውን ጉሮሮዬ ላይ አሳርፈው ምራቅሽን ዋጪ አሉኝ። ዋጥኩ። ከጣታቸው ሥር አንድ ድቡልቡል ነገር ከፍ ብሎ ሲወርድ እኔም ተሰማኝ። ኻላ የሹራባቸውን አንገት ወደ ታች ሳቡት፤ እንደ ክር የቀጠነ የቀዶ ጥገና ጠባሳ አንገታቸው ሥር ከዳር እስከ ዳር ተጋድሟል።

«የእኔን አወጡልኝ» አሉ። «ያንቺን ማን አየልሽ?»

«ኻላ፣ ይሄ አንገት የተነቀሰ ነው። እንቅርት አይይዘውም» አልኩ። አሁንም አምኜበት ነው።

እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኔን የቆረጡኝ ዓይኔ እንዳይታመም ብለው ነበር» አሉና የጠርሙስ ቂጥ የሚያህለውን መነጽራቸውን አውልቀው ሰጡኝ።

መነጽሩን በእጄ እንደያዝኩ አክስቴ ትዝ አለችኝ። የራሷም አንገት ዙሪያውን የተነቀሰ ነበር፤ እኔ ሳውቃት ጀምሮ ያበጠ አንገት። ይህን ስንት ዘመን እያየሁ አላየሁትም። አልተናደድኩባትም፤ ያላትን መድኃኒት ነው የሰጠችኝ።

ክሊኒክ የሄድነው ሁለታችንም ነን፤ እሳቸው በተሽከርካሪ ወንበር፣ እኔ ገፊ። ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት። አንገቴን ዳሰሰች፣ እጄን አስዘርግታ መንቀጥቀጡን አየች፣ ደም አስወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ በቀላል ዓረብኛ አስረዳችኝ፤ ጉሮሮ ሥር ታይሮይድ የምትባል እጢ አለች፣ ሰውነት በምን ፍጥነት እንደሚሠራ የምትወስን። የእኔ ከልክ በላይ ትሠራለች፤ ሥጋዬን የምትጨርሰው፣ ልቤን የምታስሮጠው፣ ሙቀቱን የምትለቅብኝ፣ እንቅልፌንም የከለከለችኝ እሷ ናት። የኻላ ደግሞ ወጥታለች፤ ክኒኗ የምትወሰደው በእሷ ፈንታ ነው። የእሳቸውንም ደም አየችና መጠኑ አንሷል፣ ብርዱና ማንቀላፋቱ ከዚያ ነው አለች። በአንድ ሪሞት ስንጣላ የከረምነው በአንዲት እጢ ምክንያት ኖሯል፤ አንዳችን በዝታብን፣ አንዳችን አጥተናት።

«መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ውሰጂ፣ ለምርመራም እየተመላለስሽ ነይ» አለችኝ ሐኪሟ። «እንቅልፍሽ ዛሬ አይመጣም። ሳምንታት ይፈጃል።»

የፈራሁት ይህንኑ ነው። ማዳም ሳምንታት ትጠብቃለች? ማታውኑ ደወለች። ኻላ ስልኩን ይዘው፣ «ልጅቷ አላበደችም፤ ጉሮሮዋ ነው» አሏት። ማዳም ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ የኻላን መልስ ግን ሰማሁ፤ «መጥተሽ በዓይንሽ ሳታዪያት የመኖሪያ ወረቀቷን፣ ኢቃማዋን፣ እንዳትነኪ።»

ስለዚህ ማዳም ልታየኝ የምትመጣበትን ቀን መጠበቅ ያዝኩ። ክኒኔን በሰዓቱ እወስዳለሁ፤ ሻሼን ቤት ውስጥ አላስርም። እጄ ቀስ በቀስ ረጋ። ልቤም አደብ ገዛ። እንቅልፌ ግን በቁርጥራጭ ነበር የሚመጣው።

ማዳም እመጣለሁ ሳትል መጣች። ያን ቀን ከዙሁር፣ ከቀትር ሶላት፣ በኋላ የኻላን እግር እያሸሁ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም። ቀጥሎ የሰማሁት የማዳምን ድምፅ ነው።

«እማ፣ ይህች ልጅ ምንጣፍ ላይ ተጋድማ ነው እንዴ የምታስታምምሽ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ» አሉ ኻላ። «ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ስትተኛ ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

ዓይኔን ገለጥኩ። ማዳም ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆማለች። ሙከዪፉ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ይነፍሳል፤ ኻላ ሪሞቱን ይዘው እስከ አፍንጫቸው ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተዋል። እኔ ሙቀት እንዳይቀሰቅሰኝ ብለው እሳቸው ይንቀጠቀጣሉ። ለማዳም ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የተነሳሁት፤ ከአፌ የወጣው ግን ከታመምኩ ጀምሮ ብዬው የማላውቀው ነገር ነው።

«ኻላ፣ ያጥፉት» አልኩ። «በረደኝ።»

ኻላ ሙከዪፉን አጠፉና የብርድ ልብሳቸውን ጫፍ እኔ ላይ እየጣሉ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሰማሽ? በርዷታል» አሏት።