ዘር የመሰላት ቃል

ባንችይርጋ አንገቷ ላይ ያለውን እንቅርት ሃያ ዓመት ተሸክማዋለች። ብልባላ ገበያ ጌሾ ከሚሸጡት ሴቶች ብዙዎቹ እንቅርት ስላላቸው ዞር ብሎ ያየባት የለም። ባሏ ሞቶባት፣ መሬቷን በእኩል እያሳረሰች ልጇን ሰብሌን ለብቻዋ ያሳደገች ሴት ናት፤ ድካሙን ለምዳዋለች። አምና ግን እብጠቱ ጠጠረ፣ ድምጿም ጎረነነ። ደሴ ድረስ ሄዳ በመርፌ ተቀድቶ ሲመረመር ካንሰር ሆነ።

ዶክተሩ ደግ ሰው ነበር፤ አማርኛው ግን መጽሐፍ መጽሐፍ ይላል። «የሕዋሶቹ ዘረመል አሠራሩ ተለውጧል። ቶሎ ኦፕራሲዮን ይደረጉ» አላት። ከዚህ ሁሉ እሷ ይዛ የተመለሰችው አንድ ቃል ነው፤ ዘር።

እዚህ አገር ይህ ቃል እንደ ዋዛ አይታለፍም። ሰብሌ ሙጃ ከተማ ለሚኖሩት ለአቶ ደባሱ ልጅ ታጭታለች። አቶ ደባሱ ደግሞ ምራት ከመቀበላቸው በፊት ዘር እየቆጠሩ ሽማግሌ የሚያደክሙ ሰው ናቸው። አንገቷ ከተቀደደ ወሬው ይወጣል፤ ወሬው ከወጣ ልጇ ቆማ ቀረች። ስለዚህ ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ደብቃ «እንቅርት ነው አሉኝ» ብላ ዝም አለች። ወይ ግትርነት! ስምንት ወር ሙሉ፣ ምራቋን መዋጥ እያቃታት፣ የሠርጉን ጌሾ ወቀጠች።

ሰብሌ ተዳረች። ለመልስ ስትመጣ የእናቷ ትንፋሽ ሲያፏጭ ሰማችና እየጎተተች ደሴ ወሰደቻት። ባንችይርጋ ልጇን በረንዳ ላይ አስቀምጣ ብቻዋን ገባች።

«ልጄንም ይይዛታል?» አለችው ዶክተሩን፣ ሳትቀመጥ።

«ለምን ይይዛታል?»

«ዘር ነው ብለውኝ የለ?»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ዘር አላልኩም፣ እናቴ። ዘረመል የሕዋሱ የሥራ ትእዛዝ ነው። በእርስዎ አንገት ውስጥ እደግ የሚለው ትእዛዝ አላርፍ ብሏል፤ በቃህ የሚለው ደግሞ ተኝቷል። ሲወለዱ አብሮዎት የመጣ አይደለም። የእርስዎ ዓይነቱ ከእናት ወደ ልጅ የሚሄደው ከስንት አንዴ ነው።» ከዚያ የተነሣችውን የደረት ራጅ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ሳንባ ገብቷል። ያኔ ቢመለሱ ኖሮ ቆርጠን እናወጣው ነበር።»

«ሰብሌ ግን ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

ባንችይርጋ ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ስምንት ወር የተሸከመችው ወረደላት፤ ስለ ሳንባዋ አንድም አልጠየቀችም።

በረንዳው ላይ ሰብሌ ብድግ አለች። «እማዬ፣ ምን አሉሽ?»

«ደህና ናት አሉኝ» አለች ባንችይርጋ።

«ማን ናት?»

«አንቺ ነሻ።»