አባቴ የሳቀበት ኑዛዜ

ባለፈው ሳምንት ዳባት ላይ መንገድ የሚጠግኑ ሰዎች አገኘሁ። ሬንጁ በበርሜል ይፈላል፤ ሽታው ከርጥብ አፈር ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫ ይይዛል። ሁለት የቀን ሠራተኞች አካፋቸውን ተደግፈው በራሳቸው ቋንቋ ይጨቃጨቃሉ፣ ይስቃሉ። ከምባትኛ መሆኑን በዜማው አወቅሁ። ትርጉሙን አላውቅም። አለማወቄ የራሴ የእጅ ሥራ ነው፤ ልንገራችሁ።

አባቴ ከከምባታ የመጣ የመንገድ ሠራተኛ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ሊማሊሞ ላይ ናዳው መንገዱን ይደፍነዋል፤ እሱና ጓደኞቹ በአካፋ ይከፍቱታል፤ በማግስቱ ናዳው እንደገና ይደፍነዋል። ጓደኞቹ ሥራቸው ሲያልቅ ወደ አገራቸው ተመለሱ። እሱ ክርስትና ተነሥቶ የደባርቋን እናቴን አገባና ቀረ። ማታ ሲገባ ጭቃና ናፍጣ ይሸታል። ሳይናገር ይበላል፤ ሳይናገር ይተኛል።

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ እጄን ይዞኝ እየሄድን በቋንቋው መቁጠር ያስተምረኝ ጀመር። እስከ አምስት ደርሼ ነበር። ገበያው መግቢያ ላይ የክፍሌ ልጆች ቆመዋል። አባቴ ስድስትን ሲጠራ አንዱ አፉን አጣሞ ደገመውና ሁሉም ሳቁ። እኔም ፈጥኜ፣ ጮክ ብዬ፣ «በሰው ቋንቋ ተናገር እንጂ!» አልኩት። ልጆቹ ይበልጥ ሳቁ። እሱም ፈገግ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ቋንቋ አንድ ቃል ነግሮኝ አያውቅም።

«ልጅ ነበርክ» የሚሉኝ ደጋግ ሰዎች አሉ። ልጅነት እስከ ስንት ዓመት ምክንያት ይሆናል? በሃያ ዓመቴ ስለ ወዛደሩ መደብ አንድ መደርደሪያ መጻሕፍት ጨርሼ ነበር። ለእረፍት ስመጣ ጓደኞቼን ቤት ሰብስቤ ስለ ሠራተኛው ድምፅ እሰብካለሁ፤ ሠራተኛው ጥግ ላይ ተቀምጦ ቦት ጫማውን ያወልቃል።

አርጅቶ አልጋ ሲይዝ አማርኛው ይረግፍ ጀመር። መጀመሪያ የጎረቤቶቹ ስም ጠፋው፤ ቀጥሎ «ውሃ» ማለት፤ በመጨረሻ የእናቴ ስም። በምትኩ ዕድሜ ልኩን የዋጠው ቋንቋ መጣ። ቀኑን ሙሉ ያወራል። ያን ያህል የሚያወራው እንዳለው አናውቅም ነበር።

እናቴን የጨነቃት አንድ ነገር ነው፤ «ሳይናዘዝ ቢሞትብኝስ?» የነፍስ አባቱ መጡ። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡና አንድም ቃል አልገባቸውም። ቋንቋውን የሚያስተረጉም ሰው ፍለጋ ከተማውን አሰስኩ። መናኸሪያው አጠገብ ሕንፃ የሚሠራ አንድ የከምባታ ወጣት ተገኘ፤ እሱ ደግሞ ጴንጤ ነው።

«ኑዛዜ በካህኑና በተናዛዡ መካከል ነው፤ ሦስተኛ ሰው አይገባበትም» አሉ ቄሱ። «ያውም ጴንጤ!»

«እንግዲያስ አባ፣ እርስዎ ቋንቋውን ይማሩልን!» አለች እናቴ።

ቄሱ ሳቃቸውን በጺማቸው ሸሸጉ። «በይ እሺ ይግባ። የሰማውን ግን እዚያው ጥሎ ይውጣ።»

እኔና እናቴ ደጅ ቆምን። የዚያ ክፍል በር ገጥሞ አያውቅም። መጀመሪያ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ሳቅ። ሆዱን ይዞ የሚስቅ ሰው ሳቅ ነው። የማን እንደሆነ ለማረጋገጥ እናቴን አየኋት፤ እሷም እኔን ታየኛለች። ወጣቱም አብሮት ሳቀ። «ምን አለ?» ይላሉ ቄሱ። ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስረዳል። ጥቂት ቆይቶ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ሲሉ ሰማን። እናቴ መሬቱን ሳመች።

ወጣቱን እስከ አስፋልቱ ሸኘሁት። እንደማይጠየቅ እያወቅሁ፣ ምን እንደተናዘዘ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? አልተናዘዙም። ለቄሱ ‹ኃጢአቴ ብዙ ነው ብለዋል› ያልኳቸው ከራሴ ነው። ሽማግሌው ያወሩኝ ስለ አጎታቸው አህያ ነው። አህያው ለቅሶ ቤት ይገባና…» ሳቁ አቋረጠው። «ኧረ በአማርኛ አያስቅም! እንዲህ ጨዋታ አዋቂ ሰው ቤት ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚያመሸው፣ አይደል?»

«አዎ» አልኩት።

ሊሄድ ሲል አባቴ ስለ እኔ ያለው ነገር እንዳለ ጠየቅሁት። ወጣቱ ሲሚንቶ የሰነጠቀውን መዳፉን ማየት ጀመረ።

«‹ያ በር ላይ የቆመው ሰው ማነው?› አሉኝ። ልጅዎ ነው አልኳቸው። ‹ተው እንጂ› አሉ፤ ‹ልጄ ቢሆን እስካሁን ያናግረኝ ነበር።›»

ስመለስ ቄሱ ሄደዋል። አባቴ ለብቻው ያወራል። ሲያየኝ አቋረጠ። ክርኑን ተደግፎ እንደምንም ቀና አለና፣ የማያውቀው እንግዳ እንደገባበት ባለቤት፣ በአክብሮት በርጩማውን አሳየኝ። ተቀመጥኩ።